የጠቆረ ቅጠል አታወድሱ

ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ሲምቢዲየም በደንብ ያደገ ኦርኪድ አይደለም። የካቲትና መጋቢት በመጡ ቁጥር በሎስ አንጀለስ የአበባ መደብሮች ወገኖቼ ማሰሮ እያነሱ «ቅጠሉ ሲያምር! እንዴት ጠቁሯል!» ሲሉ እሰማለሁ። ገዢው ቢለው ምንም አይደል። ባለፈው ግን ሙያውን በመማር ላይ ያለ አንድ ልጅ ይህንኑ ለገዢ የጤና ማረጋገጫ አድርጎ ሲናገር ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ። «ታዲያ ጋሼ፣ ቅጠል አረንጓዴ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» አለኝ። ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ለሚያስቡ ሁሉ ነው።

ስለ ውኃና ስለ ማዳበሪያ አላወራም። ሥሩ አየር እንደሚፈልግ፣ ማሰሮው ውኃ ማቆር እንደሌለበት፣ በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ አበባው ሲያልቅ ወደ አዲስ የዛፍ ቅርፊት መዛወር እንዳለበት የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ይህን ተምሮ ይምጣ። የእኔ ጉዳይ ቅጠል ነው።

ጥሩ ቅጠል ቀለሙ ሊበስል እንደተቃረበ ሎሚ ነው፤ አረንጓዴነቱ ሳይለቀው ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ይህን ቀለም የሚያመጣው ብርሃን ነው። ተክሉ ብርሃን ሲጠግብ ከሥር ያበጠው ግንዱ ስንቅ ይቋጥራል፤ የአበባው ዘንግ የሚወጣውም በዚያ ስንቅ ነው። ጥላ ሲበዛበት ግን የሚያገኘውን ትንሽ ብርሃን ለመያዝ ክሎሮፊሉን ያበዛል። ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ይረዝማል፣ ይልፈሰፈሳል። ናይትሮጂን የበዛበት ማዳበሪያ ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል። ገዢው ጤና እያለ የሚያደንቀው ይህን ረሃብ ነው። እንዲህ ያለ ተክል ዘንድሮ አንድ ደካማ ዘንግ ቢሰጥ እንኳ ለከርሞ ቅጠሉን ብቻ ታቅፎ ይቀራል።

ዓይን ብቻ አይበቃም፤ እጅም ይፍረድ። ቅጠሉን ከመሃሉ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ብርሃን ያሳደገው ቅጠል ጠንካራ ስለሆነ ተመልሶ ይቆማል፤ ጥላ ያሳደገው እንደታጠፈ ይቀራል። ከዚያ አዲሱን ቅጠል ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። የተቆራረጡ፣ የደበዘዙ ሰረዞች ከታዩ ሲምቢዲየም ሞዛይክ የሚባለውን ቫይረስ ጠርጥሩ፤ መድኃኒት የለውምና ማሰሮውን ወደ ቦታው መልሱ። የብርሃን ቢጫነት ቅጠሉን ከዳር እስከ ዳር እኩል ያለብሰዋል፤ የበሽታ ቢጫነት ያዥጎረጉረዋል። ፀሐይ ያቃጠለው ደረቅ ጠባሳ ያወጣል። ከሥር ያለ አሮጌ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ቢረግፍ ግን እርጅና ነው፤ ሻጩን አትውቀሱበት።

ዓይንና እጅን እንዳልለያይ ያስተማሩኝ፣ ከሳንታ ባርባራ ወረድ ብሎ በካርፒንቴሪያ ግሪንሃውሶች ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ የጃፓን ተወላጅ ሽማግሌ ናቸው። አበባ የቀረበላቸው እንደሆነ አበባውን አያዩም ነበር። ማሰሮውን ዞር ያደርጉና የቅጠሉን ቀለም ያያሉ፤ ቀጥለው የእጃቸውን ጀርባ ቅጠሉ ላይ ያሳርፋሉ። ሞቆ ካገኙት የጥላ መረብ ወደመዘርጋት አይሄዱም፤ መስኮት ይከፍታሉ። «ሙቀቱን በነፋስ አውጣው፣ ብርሃኑን አትንካብኝ» ይሉኝ ነበር። ሞቃት አገር የሚኖር ሰው የሚስተው ይህን ነው። ተክሉ እንዳይቃጠል ብሎ መረብ ላይ መረብ ይደርባል፤ ቅጠሉ ሲጠቁርለትም ተሳካልኝ ብሎ ጎረቤት ጠርቶ ያሳያል። እኔ ከግማሽ በላይ ብርሃን የሚከለክል መረብ በሲምቢዲየም ላይ ሲዘረጋ ማየት አልችልም።

ሽማግሌው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሻገሩ ቢላቸውን በጋዝ እሳት ይለበልቡ ነበር። ቫይረሱ ከተክል ወደ ተክል በመቁረጫ ይጋባልና። ቢላውን ሳይለበልብ ተክል የሚከፋፍል ሰው ዘንድ ሄጄ አልገዛም፤ በነጻ ቢሰጠኝም አልወስድም።

«ዝርያው ነው ወሳኙ» የሚሉኝ አሉ። ዝርያማ ዛሬ ለሁሉም አንድ ነው። በ1960 ፈረንሳዊው ዦርዥ ሞሬል ሲምቢዲየምን ከቡቃያው ጫፍ በቤተ ሙከራ ማባዛት እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ አንዱ ተክል በሺህ ይባዛል። በመደብሩ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለት ማሰሮዎች አንድ ስም ከያዙ በዘር አንድ ናቸው፤ የሚለያያቸው ያሳደጋቸው እጅ ነው። የአሜሪካ ኦርኪድ ማኅበር አበባውን መዝኖ ከሚሰጣቸው ሽልማቶች ሌላ ለአሳዳጊው የሚሰጠው የእንክብካቤ የምስክር ወረቀት አለ። እኔ የማከብረው ይህንኑ ነው።

ሙቀት ሲባል ደግሞ ቀንና ሌሊቱ ይለይ። ትልልቅ አበባ የሚያወጡት ዲቃላዎች የዘር ሐረጋቸው ከሂማላያ እስከ ቬትናም ካሉ ተራሮች ይመዘዛል። እዚያ ክረምቱን በዝናብ ይርሳሉ፤ ዝናቡ ሲያባራ ብሩህ ቀንና ብርዳም ሌሊት ይከተላል። የአዲስ አበባን የኅዳር ሌሊት የሚያውቅ ሰው ይህን አየር ያውቀዋል። ቀኑ 30 ዲግሪ ቢደርስ ይችሉታል፤ ዘንግ እንዲያወጡ ግን ከክረምቱ መገባደጃ ጀምሮ ሌሊቱ ወደ 14 ዲግሪና ከዚያም በታች መውረድ አለበት። የሳንታ ባርባራ የባሕር ነፋስ ይህን በነጻ ይሰጣል። በሞቃቱ የሎስ አንጀለስ ሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ውስጥ የሚኖር ሰው ግን ማሰሮዎቹን ከግድግዳና ከሲሚንቶ ያርቅ፤ እነዚህ የቀኑን ትኩሳት ይዘው ያድራሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ነፋስ ባለበት ቦታ ቅጠሉንና መሬቱን ውኃ ይርጭ፤ ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል።

ሌሊቱ ጨርሶ በማይቀዘቅዝበት ቦታ ግን ትልልቆቹን አትሞክሩ። የነሐሴ ሌሊት 30 ዲግሪ አካባቢ በሚያድርበት በዱባይ በረንዳ ላይ ዘንግ መጠበቅ ተክሉን ማሰቃየት ነው። ለእንዲህ ያለው ቦታ ሲምቢዲየም ኤንሲፎሊየም የሚባለው የእስያ ዝርያ ደም ያለባቸውን ፈልጉ። ጎልደን ኤልፍ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ አበባው ቢጫ፣ ሽታው ደስ የሚል፣ በሙቀት ወራትም የሚያብብ። ቅጠሉ ከትልልቆቹ ቀጠን ስለሚል በጣት ሲገፉት ትንሽ ይለዝባል፤ ስለዚህ እሱን በቀለሙ መዝኑት።