«የአየር ፍሳሽ» በሚለው ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

የአንድ ሕንፃ ግድግዳ፣ በርና መስኮት ሳይታሰብ የሚያሳልፉትን አየር የሚለካው ፍተሻ ወደ አማርኛ ሲመለስ ቀድሞ የሚመጣው ስያሜ «የአየር ፍሳሽ ፍተሻ» የሚለው ነው። እኛ ግን ይህን ስያሜ አንደግፈውም።

በቅድሚያ ጽንሰ ሐሳቡን እንመልከት። በበሩ መቃን ላይ ማራገቢያ ይገጠምና በቤቱ ውስጥና ውጭ መካከል የ50 ፓስካል የግፊት ልዩነት ይፈጠራል። በማራገቢያው በሰዓት ያለፈው አየር ለቤቱ ይዘት ሲካፈል ውጤቱ ይገኛል። የልኬቱን ሥርዐት ዓለም አቀፉ ስታንዳርድ 9972 (እ.ኤ.አ. 2015) ይደነግጋል፤ ፓሲቭሃውስ የተባለው የጀርመን ስታንዳርድም ለአዲስ ቤት ውጤቱ ከ0.6 እንዳይበልጥ ይወስናል።

የመጀመሪያው ተቃውሟችን «ፍሳሽ» የሚለው ቃል ለውሃና ለቆሻሻ መውረጃ የተያዘ መሆኑ ነው። «ጣራው ያፈሳል» ሲባል ዝናብ እንጂ ነፋስ አይታሰብም። ሁለተኛው ውጤቱን «በሰዓት የአየር ለውጥ» ማለት ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ያደናግራል፤ ስለዚህ «የአየር ቅያሬ» ይሻላል። ሦስተኛውና ከባዱ ግን፣ ስያሜው ሳይታሰብ የሚሾልከውን አየር ሆን ተብሎ ከሚገባው አየር አለመለየቱ ነው።

ይህን ልዩነት ሕዝቡ አሳምሮ ያውቀዋል። ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ እንደ መቻራ ባለ ከተማ የጭቃ ቤት ሲሠራ እንጨቱ ከቆመ በኋላ ግድግዳው ይመረጋል። የጠላ ጋን አፍም እንዲሁ ይመረጋል። የሁለቱም ዓላማ ቀዳዳ መድፈን ነው። ሆኖም ጭስ መውጫ እንዲሆን በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል የተተወውን ክፍተት ማንም እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። ደንቡ «አየር እንዳይገባ ይደፈን» ብቻ ቢል፣ ታዛዡ ግንበኛ ያንንም ይደፍነዋል፤ ከሰል በሚነድበት ክፍል ይህ ነፍስ ያጠፋል።

አደጋው በአማርኛ ብቻ አያበቃም። መቻራን በመሰለ ከተማ የአማርኛው ቃል ለሠራተኛው በኦሮምኛ ይነገራል፤ አሻሚ ቃልም ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሚወጡ ሕጎች ደግሞ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ቢለያዩ ገዢው አማርኛው ስለሆነ፣ የተርጓሚው ስሕተት ሕግ ሆኖ ይጸናል።

ስለሆነም ከ«ጎደለ» «ጉድለት» እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ሾለከ» «ሹልከት» ቢወጣ ይስማማል እንላለን፤ አየር ሾልኮ ይገባልም፣ ሾልኮ ይወጣልም። ሹልከትን የሚያግደው ንጣፍ «ምርጊት» ይባል። ሆን ተብሎ ለሚደረገው «አየር ማናፈስ» የሚለው እንደ ተለመደው ይቆይ። «ምርጊት» ጭቃን ብቻ ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ነገር ግን በዘመናዊ ግንባታም ያልተቋረጠ የውስጥ ልስን አየር ከሚያግዱት ንጣፎች አንዱ ነው። የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ቢያቀርብልን በደስታ እንመረምረዋለን።