የተዘለሉት ዓመታት፦ «ስታንድ ኤንድ ዴሊቨር» እንደገና ሲታይ

በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 18 ተማሪዎች የኮሌጅ ደረጃ የካልኩለስ ፈተና ተቀምጠው ሁሉም አለፉ። ፈታኙ ድርጅት የ14ቱን ውጤት ተጠራጥሮ ድጋሚ እንዲፈተኑ ጠየቀ፤ 12ቱ ተቀመጡ፣ 12ቱም አለፉ። ራሞን ሜኔንዴዝ ከቶም መስካ ጋር ጽፎ ያዘጋጀውና በ1988 ለተመልካች የበቃው «ስታንድ ኤንድ ዴሊቨር» የተሠራው በዚህ ታሪክ ላይ ነው። መምህሩን ሃይሜ ኤስካላንቴን ሆኖ የተወነው ኤድዋርድ ጄምስ ኦልሞስ ለኦስካር ታጭቶበታል፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም በ2011 ፊልሙን በብሔራዊ መዝገቡ አስፍሮታል።

ትልሙ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ሊያስተምር የመጣ መምህር ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር እንደሌለው ያውቃል፤ መሠረታዊ ሂሳብ ይሰጠዋል። ክፍልፋይ የሚያስቸግራቸውን ልጆች ይዞ «አድቫንስድ ፕሌስመንት» ወደሚባለው ፈተና ያደርሳቸዋል። ይህ ፈተና ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበት ሲሆን 3ና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ እንዳለፈ ይቆጠራል፤ ብዙ ኮሌጆችም በዚያ ውጤት የካልኩለስ ኮርስን እንደተወሰደ ይቀበሉታል። የግጭቱ ምንጭም እዚህ ላይ ነው፤ የሠራተኛ ሰፈር ልጆች ከዚያ በር ፊት መቆማቸው ራሱ ጥርጣሬ ይቀሰቅሳል።

ፊልሙ ከሁሉ የሚልቀው በክፍል ውስጥ ትዕይንቶቹ ነው። ኤስካላንቴ የምግብ አብሳይ ሽርጥና ኮፍያ አድርጎ፣ መጥረቢያ የመሰለ ቢላ ይዞ ፖም ይከትፋል፤ ክፍልፋይ በዚያ ይጀመራል። ኔጌቲቭ ቁጥርን በተቆፈረ አሸዋ ጉድጓድና ከጉድጓዱ በወጣው ክምር ያስረዳል፤ ዜሮን ያሰቡት አያቶቻችሁ ማያዎች ናቸው ብሎ ለልጆቹ ኩራት ያቀብላል። ሐሳቡ ከቁሱ ይወጣል እንጂ በቁሱ ላይ አይለጠፍም። የኦልሞስ ትወናም ልኩን የጠበቀ ነው፤ ጎበጥ ያለ አካሄዱ፣ ድንገት ዝቅ የሚለው ድምፁ፣ ቀልድን እንደ ማስጠንቀቂያ መጠቀሙ መምህሩን ከቅዱስነት ያድነዋል። ይህ ሰው ሲያሻው ተማሪውን ያዋርዳል፣ ይሳሳታል፣ ይታበያል። እንዲህ ያለ መምህር ብዙዎቻችን እናውቃለን።

ይሁንና በዚሁ ጠንካራ ጎኑ ውስጥ ስንጥቅ አለ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኔጌቲቭ ሲባዛ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ነው» እያለ ይደጋግማል፤ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ተመልካች ያንን ቅብብል አይስተውም። ጩኸቱ ጣራ ሲነካ ኤስካላንቴ «ለምን?» ይላል። በፊልሙ ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ የሂሳብ ጥያቄ የሆነው ይህ ነው። ካሜራው ግን መልሱን ሳያሰማን ያልፋል። ሜኔንዴዝ የቃል ጥናቱን ዜማ ወደደው፤ ማስረጃውን ግን ለመቅረጽ አልደፈረም። ከዚያ በኋላ ካልኩለሱ በሰሌዳ ላይ የሚታይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ንዑስ ገጸ ባሕርያቱ እኩል አልተሳሉም። የወሮበላ ቡድን ጓደኞቹ መጽሐፍ ይዞ እንዳያዩት ለየቦታው አንዳንድ ቅጂ የሚለምነው ኤንጅል፣ አባቷ ለምግብ ቤቱ ሥራ ከትምህርት ሊያስቀራት የሚፈልገው አና በጥቂት ትዕይንት ሙሉ ሰው ይሆናሉ። ሌሎቹ ከስማቸው ብዙም አያልፉም።

ዋናው እንከን ግን ጊዜ ነው። በፊልሙ ልጆቹ ከመሠረታዊ ሂሳብ ተነሥተው፣ አንድ ክረምት ትሪጎኖሜትሪና የሂሳብ ትንተና ተምረው፣ በሚቀጥለው ዓመት ካልኩለስ ይፈተናሉ። እውነተኛው ኤስካላንቴ ጋርፊልድ የገባው በ1974 ነው፤ ካልኩለስ ማስተማር የጀመረው በ1978 ነው። ከመጀመሪያው ክፍሉ እስከ ፈተናው የዘለቁት 5 ብቻ ነበሩ፣ ያለፉት 2። በቀጣዩ ዓመት ከ9 ተፈታኞች 7 አለፉ፤ በ1981 ከ15ቱ 14። እነዚህ ሁሉ ከዝነኛው 1982 በፊት ናቸው። ከሥራቸው ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረ፤ አልጀብራና ጂኦሜትሪ ከታች ጠንክረው እንዲሰጡ ተደረገ፣ ባልደረባው ቤን ሂሜኔዝ ሸክሙን ተጋራ፣ ርእሰ መምህሩ ሄንሪ ግራዲያስ ከኋላው ቆመ። ፊልሙ ውስጥ ሁለቱም የሉም። የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ የምትታየው እንደ እንቅፋት ብቻ ነው።

ድራማ ጊዜን የማጠፍ መብት አለው፤ ያንን አልከራከርም። የምከራከረው በታጠፈው ነገር ምንነት ላይ ነው። ከአምስት ሁለት ያለፉበት ዓመት ለድራማ የማይመች ነበርን? እንደኔ ከሆነ ከሁሉም የተሻለው ትዕይንት እዚያ ነበር፤ ሦስቱ ሲወድቁ ያየው መምህር በማግሥቱ ክፍል ሲገባ። ያንን በመተው ፊልሙ ቆራጥነት ብቻውን ከክፍልፋይ ወደ ካልኩለስ ያደርሳል የሚል ድምዳሜ ያቀብለናል። የኮርሶች ቅደም ተከተል፣ ማለትም እያንዳንዱ ትምህርት ከስሩ ያለውን እየተደገፈ የሚወጣበት መሰላል፣ ከእይታ ተሸሽጓል።

ይህ ለእኛም ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በሲያትል ልጅ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልጁ በ12ኛ ክፍል ካልኩለስ እንዲደርስ ከፈለገ፣ በተለመደው አካሄድ አልጀብራን በ8ኛ ክፍል መጨረስ እንዳለበት የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከረፈደ ነው። ወሳኙ ምርጫ የሚደረገው ቤተሰቡ አስፈላጊነቱን ሳያውቅ ነው። ኤስካላንቴ ራሱ ቦሊቪያ ውስጥ መምህር የነበረ፣ አሜሪካ ሲገባ ወለል የጠረገና እንደገና ኮሌጅ የተማረ ስደተኛ ነው። ፊልሙ ከዚህ የሕይወቱ ምዕራፍ በኋላ መጀመሩ ያስቆጫል፤ መምህሩ ራሱ መሰላሉን ሁለት ጊዜ የወጣ ሰው ነበርና።

በፈተናው ውዝግብ ላይም ሚዛን ይጎድላል። አንዲ ጋርሲያ ከሚጫወተው መርማሪ ጋር የሚደረገው ምልልስ ውጥረቱ የተሳካ ነው፤ የኤስካላንቴ ቁጣም ከፍትሕ ጥያቄ ይመነጫል። ግን ጥርጣሬው የተነሣው በአንድ ጥያቄ ላይ ከታዩ ተመሳሳይ ስሕተቶች ነበር፤ ፊልሙ ይህንን ነካ አድርጎ ያልፈዋል፣ ጭፍን ጥላቻን ደግሞ ያጎላል። ሁለቱን እኩል ይዞ ቢሄድ ድጋሚ ፈተናው ይበልጥ ይከብድ ነበር፤ ልጆቹም ይበልጥ ይገዝፉ ነበር። ጄይ ማቲውስ በዚያው በ1988 ስለ ኤስካላንቴ ባሳተመው መጽሐፍ ያንን ከባድ ጥያቄ አልሸሸም።

በእኔ ሚዛን «ስታንድ ኤንድ ዴሊቨር» በትወናና በክፍል ትዕይንት ከፍ ያለ፣ በትረካ ጊዜ አያያዙ ግን የጎደለ ሥራ ነው። መታየት አለበት፤ በተለይ በመምህራን ማሠልጠኛ። መጨረሻ ላይ በጽሑፍ የሚያልፉትን ቁጥሮችም አስተውሉ፤ የሚያልፉት ተማሪዎች በየዓመቱ ጨምረው በ1987 87 ይደርሳሉ። ያ ዕድገት የተገኘው ከታች ባሉት ክፍሎች ነው፤ አንድም ጊዜ አላየናቸውም። ኤስካላንቴ በ1991 ጋርፊልድን ለቆ ሲሄድ ውጤቱ ማሽቆልቆሉም ፊልሙ ከወጣ በኋላ የመጣ ነው፤ ሜኔንዴዝ ሊያሳየው አይችልም ነበር። ሂሜኔዝንና ግራዲያስን ግን ሊያሳየን ይችል ነበር።