የስም ናሙናና ባለቤቱ፤ ስለ ሸምበቆ እንቁራሪቶች ስያሜ አንዳንድ አስተያየት

ስለ አፍሪካ የሸምበቆ እንቁራሪቶች የተጻፈውን ለማንበብ የተነሣ ተማሪ ከእንስሳቱ አስቀድሞ ስሞቹ ያስቸግሩታል። እነዚህ በሸምበቆና በደንገል፣ በፊላና በቄጠማ ላይ ተጣብቀው የሚያድሩ ትናንሽ እንቁራሪቶች ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ ብዙ መቶ ስሞች ተሰጥተዋቸዋል። ከስሞቹ አንዳንዶቹ ለአንድ እንስሳ ሁለትና ሦስት ጊዜ የወጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከወጡ በኋላ በሕይወት ያለ ባለቤት አልተገኘላቸውም። ይህን ዝብርቅ ለማጥራት የሚቻለው የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች በየቤተ መዘክሩ ፈልጎ በማግኘት ነው ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ አባባል ነው።

አንድ ሊቅ አዲስ ዝርያ ሲገልጽ ስሙን የመሠረተበት እንስሳ በሥነ እንስሳት ሰዎች ዘንድ «ታይፕ» ይባላል፤ እኛ የስም ናሙና እንለዋለን። የውጭው ቃል ብዙ ጊዜ አንባቢን ያሳስታል። የስም ናሙና የዝርያው ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ መሆን የለበትም፤ ያልጎለመሰ፣ የከሳ ወይም እግሩ የተሰበረ ሊሆን ይችላል። ሥራው ስሙን መሸከም ብቻ ነው። በአገራችን በሁለት ባለርስቶች መካከል እንደሚቆመው የወሰን ድንጋይ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ድንጋዩ ስለ መሬቱ ለምነት የሚናገረው ነገር የለም፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ግን ሽማግሎች የሚሄዱት ወደ እርሱ ነው።

ምሳሌ የምናደርገው ከአገራችን የወጣውን ነው። በ1841 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዱሜሪልና ቢብሮን የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት ስለ ተሳቢ እንስሳትና ስለ እንቁራሪት ወገኖች ካሳተሙት ትልቅ ሥራ በ8ኛው መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ትንሽ እንቁራሪት «ኤውክኔሚስ ቪሪዲ ፍላቩስ» ብለው ሰየሙ። የዝርያው ስም በላቲን አረንጓዴና ቢጫ ማለት ነው። የወገኑ ስም ግን አልጸናም፤ ኤውክኔሚስ የሚባል የጥንዚዛ ወገን ከ1812 ጀምሮ ነበረና ስሙ ለእንቁራሪት ሊሆን አልቻለም። በ1842 ራፕ የተባለው የጀርመን ሊቅ ከናታል ለመጣ እንቁራሪት «ሂፔሮሊዩስ ማርሞራቱስ» የሚል ስም አወጣ። የወገኑ ስም ሂፔሮሊዩስ ሆኖ የቀረው ከዚህ የተነሣ ሲሆን፣ የእኛዪቱም እንቁራሪት ዛሬ ሂፔሮሊዩስ ቪሪዲፍላቩስ ትባላለች።

የ1841ና የ1842 ልዩነት ቀላል አይምሰል። ከኢትዮጵያ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በቅርጽ የሚመሳሰሉ፣ በቀለም ግን እጅግ የሚለያዩ የሸምበቆ እንቁራሪቶች ይገኛሉ፤ አንዱ ባለ ነጠብጣብ፣ አንዱ ባለ መስመር፣ ሌላው አንድ ወጥ አረንጓዴ ነው። አንዳንድ ሊቃውንት ሁሉንም እንደ አንድ ሰፊ ዝርያ ይቆጥሯቸዋል፤ ሌሎች፣ በተለይም በ2001 በዲ ኤን ኤ ምርመራ ተመርኩዘው የጻፉት፣ በብዙ ዝርያዎች ይከፍሏቸዋል። አንድ ናቸው ከተባለ፣ ቀድሞ የወጣው ስም ይጸናል በሚለው ሕግ መሠረት፣ እስከ ናታል ያለው ሁሉ ቪሪዲፍላቩስ መባል አለበት፤ በአንድ ዓመት ይቀድማልና። ብዙ ናቸው ከተባለ ደግሞ ይህ ስም ከየትኛው ጋር ይቅር? መልሱ ፓሪስ ካለው ቤተ መዘክር ናሙና ላይ የተንጠለጠለ ነው። የናሙናው አገር ተብሎ የተጻፈውም አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አቢሲኒ»።

በ1841 ይህ ቃል ምን ያህል ምድር ይሸፍን እንደ ነበረ ለአንባቢያችን ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ መንገደኞች አንዳንዶቹ በምፅዋ በኩል ወደ ትግራይ፣ አንዳንዶቹ በታጁራ በኩል ወደ ሸዋ ይገቡ ነበር። ቆላውም ደጋውም፣ የባሕሩም ዳር የሐይቁም ዳር በዚያው ቃል ይጠራል። ይህ ሆኖ ሳለ ከዚያ ወዲህ የወጡ ዝርዝሮች «አቢሲኒ» የሚለውን እንደ አንድ የታወቀ ቦታ አድርገው ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለብጡት እናያለን። በእኛ አስተያየት ይህ መፈለግ ሳይሆን መቅዳት ነው።

ቦታን በአግባቡ መመዝገብ የማይቻል ነገር እንዳልነበረ ሌሎች ስሞች ይመሰክራሉ። ሞካር በ1905 ከሞሪስ ደ ሮትሺልድ የኢትዮጵያ ጉዞ በመጣ ናሙና ላይ ያወጣው «ኩንሂየንሲስ» የሚለው ስም የተገኘበትን ቦታ ራሱን ይጠራል። (የወገኑን ስም ለጉዞው ባለቤት ክብር ሲል «ሮትሺልዲያ» ብሎት ነበር፤ ነገር ግን በዚሁ ስም የሚጠራ የእሳት እራት ወገን ቀድሞ ስለ ተገኘ ክብሩ ለእሳት እራቱ ቀረ፤ እንቁራሪቱ ዛሬ ፓራካሲና ይባላል።) ማልኮም ላርገንም በ1974 ከኢትዮጵያ ሁለት አዳዲስ ዝርያዎች ሲገልጽ አንደኛውን «አፍሪክሳሉስ ኤንሰቲኮላ»፣ ማለት በእንሰት ላይ የሚኖር፣ ብሎታል። ይህን ስም የሰማ የሲዳማ ልጅ እንስሳውን የት እንደሚፈልግ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

አሁን ከቦታ ወደ መልክ እንለፍ። የእንቁራሪት አረንጓዴነት ከአንድ ቀለም ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከቆዳው ውስጥ ብርሃንን የሚመልስ ክፍልና ከላዩ የተነጠፈ ቢጫ ቀለም አንድ ላይ ሆነው የሚሰጡት ነው። ቢጫው በአልኮል ውስጥ ይሟሟል፤ ስለዚህ ብልቃጥ ውስጥ የገባች አረንጓዴ እንቁራሪት መጀመሪያ ሰማያዊ ትመስላለች፤ ቆይታም ትገረጣለች። አረንጓዴና ቢጫ ተብላ የተሰየመችው እንቁራሪት እንግዲህ ስለ ስሟ ራሷ ልትመሰክር አትችልም።

በዚህ ላይ የከፋው ስሕተት የተሠራው በበርሊን ነው። ኤርንስት አል በ1931 ባወጣቸው ሁለት ሥራዎች ለአፍሪካ የሸምበቆ እንቁራሪቶች በአሥር በአሥር የሚቆጠሩ አዳዲስ ስሞች ሰጠ። ሰውየው ይሠራ የነበረው ሌሎች ሰዎች ከቅኝ ግዛቶች በላኳቸው ብልቃጦች ላይ ነው፤ እንስሳቱን በሌሊት በውሃ ዳር አላያቸውም፤ ሲጮኹም አልሰማቸውም። የአልኮሉ ማገርጣት የፈጠረውን ልዩነትና የተፈጥሮን ልዩነት ለመለየት የሚያስችል ነገር በእጁ አልነበረውም። ከዚህም በላይ፣ ዴንማርካዊው አርነ ሺዮትስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ባሳተማቸው መጻሕፍት እንዳስረዳው፣ በብዙ የሸምበቆ እንቁራሪቶች ዘንድ ልጆቹ ሁሉና ከወንዶቹም ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ደብዛዛ ልብስ ሲለብሱ፣ ሴቶቹ ሲጎለምሱ ፍጹም የተለየ ደማቅ ልብስ ይለብሳሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ባልና ሚስትን በሁለት ስም ሊጠራ ይችላል። ከአል ስሞች ብዙዎቹ በኋላ የተሰረዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን በአል ላይ የሚሰነዘረው ነቀፋ አንዳንድ ጊዜ ልክ ያልፋል። ስሞቹ እንዲህ ከተዛቡ የድሮው ናሙና ምን ያደርጋል፤ ጩኸቱን ቀድቶ ዲ ኤን ኤውን መርምሮ አዲስ መጀመር አይሻልም ወይ? የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ጩኸት ሁለት ዝርያዎች መሆናቸውን ይነግረናል፤ ከሁለቱ የድሮው ስም የማን እንደ ሆነ ግን አይነግረንም። ስም ሳይጣራ አዲስ ስም መጨመር አል ያደረገውን በተሻለ መሣሪያ መድገም ነው።

አለን ቻኒንግና ባልደረቦቹ በ2013 ስለ ናሱቱስ ክፍል ያወጡት ጥናት ትክክለኛውን መንገድ ያሳያል። እነዚህ ረዘም ያሉ፣ አፍንጫቸው የሾለ ትናንሽ አረንጓዴ እንቁራሪቶች ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ጩኸታቸውና ዲ ኤን ኤያቸው ሲመረመር ግን ብዙ ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። ጸሐፊዎቹ ለስድስቱ አዲስ ስም ከማውጣታቸው በፊት የቀድሞዎቹን ስሞች እያንዳንዳቸውን ለባለቤታቸው ለመመለስ ደክመዋል። ሥራው አድካሚ መሆኑ ጥናቱን ላነበበ ሁሉ ግልጽ ነው።

ፍለጋው በራሱ ወጥመድ የሞላበት ነው። የለንደኑ ቤተ መዘክር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የስም ናሙናዎቹን በአዲስ መዝገብ ስለ ጻፋቸው፣ በ19ኛው መቶ ዓመት የተያዘ እንቁራሪት ዛሬ በ1947 የሚጀምር ቁጥር ይዞ ይገኛል፤ ይህን የማያውቅ ተማሪ እንስሳው በ1947 የተያዘ ይመስለዋል። በሊዝቦን የደረሰው ደግሞ የባሰ ነው። ባርቦዛ ዱ ቦካዥ በ19ኛው መቶ ዓመት ከአንጎላ የገለጻቸው የሸምበቆ እንቁራሪቶች የስም ናሙናዎች በዚያ ቤተ መዘክር ነበሩ፤ መጋቢት 18 ቀን 1978 በተነሣው እሳት ስብስቡ ተቃጠለ። ጉንተር በ1865 ሂፔሮሊዩስ ናሱቱስ ብሎ የሰየመው፣ ከዚያው ከአንጎላ ከዱኬ ደ ብራጋንሳ የተገኘው እንቁራሪት ግን የለንደን ንብረት ስለ ነበረ ከእሳቱ ዳነ። የስም ናሙና ሲጠፋ ሕጉ ምትክ እንዲመረጥ ይፈቅዳል፤ ይኸውም ክርክሩን ለመፍታት አስፈላጊ ሲሆን፣ በተቻለ መጠንም ከመጀመሪያው ቦታ አጠገብ በተያዘ እንስሳ ነው። ቦታው በትክክል የተጻፈ ከሆነ እንግዲህ ከእሳትም በኋላ መንገድ አለ።

ወደ ቪሪዲፍላቩስ እንመለስ። ይህች እንቁራሪት አልጠፋችም፤ ስለዚህ ቦታዋ ስላልታወቀ ብቻ ምትክ እንምረጥላት ማለት አይቻልም። ከፓሪስ መዝገብም ከአንዱ ቃል የበለጠ ይወጣል ብለን ተስፋ አናደርግም። የሚቀረው ናሙናውን ራሱን መጠየቅ ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚቻል መሆኑን በአገራችን የሣር እንቁራሪቶች፣ በፕቲካዴና ወገን ላይ የተሠራው ሥራ አሳይቷል፤ በ2021 ተመራማሪዎች በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ከኖሩ አሮጌ የስም ናሙናዎች ዲ ኤን ኤ አውጥተው፣ በደጋው ከሚገኙት ሕያዋን ጋር በማስተያየት፣ የትኛው ስም የማን እንደ ሆነ ለይተዋል። የአልም ስሞች ከእነዚያ መካከል ነበሩበት።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ማስተያየት የተቻለው የሚተያይ ነገር ስለ ነበረ መሆኑ ነው። ለሸምበቆ እንቁራሪቶችም ላርገን በ1998 የሂፔሮሊዩስን ወገን በኢትዮጵያ ላይ ብቻ ወስኖ በመመርመር መሠረቱን ጥሏል። ከዚያ በላይ የሚፈለገው ከጣና ደንገል፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ፊላ፣ ከባሮ ወንዝ ዳር ሣር የሚሰበሰብ ተከታታይ ናሙና ነው፤ ይህንንም ለመሥራት ከፓሪስ ይልቅ አዲስ አበባ ይቀርባል። አራት ኪሎ ባለው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ቤተ መዘክር የሚቀመጥ እያንዳንዱ ብልቃጥ የወረዳውንና የውሃውን ስም፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይዞ መግባት አለበት። እንስሳው አልኮል ሳይነካው ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ወንዱም ከመያዙ በፊት ጩኸቱ ይቀዳ። ከሥጋውም ጥቂት ተቆርጦ በንጹሕ አልኮል ለብቻው ይቀመጥ፤ ፎርማሊን አስቀድሞ ከገባበት ዲ ኤን ኤው ይበላሻልና።