«አርባ በመቶ ደን»፦ የሥነ ምሕዳር የፈተና ዝግጅት በላስታ ተራሮች ሲመዘን

ተማሪዎችን ለከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ለማዘጋጀት በሚሠራጩት የመለማመጃ ጥራዞች ውስጥ፣ ስለ ተፈጥሮ አካባቢ በሚያትተው ክፍል የኢትዮጵያን የደን ሽፋን የሚመለከት ጥያቄ አይታጣም። ጥያቄው መልኩን ቢለዋውጥም የሚጠበቀው መልስ አንድ ነው፤ ይኸውም ከመቶ ዓመት በፊት ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ እንደ ነበረና ዛሬ 3 በመቶ ያህል ብቻ እንደ ቀረ የሚገልጸው ነው። ተማሪው ሁለቱን አኀዞች በቃሉ ይይዛል፤ የመልሱን ፊደል ያጠቁራል፤ ነጥቡን ያገኛል። የደጋው ገበሬ ልጅ ከነጥቡ ጋር አንድ ሌላ ነገርም ይዞ ይወጣል፤ አባቱና አያቱ የአገር ደን አጥፊዎች ናቸው የሚል ፍርድ። እንዲህ ያለ ከባድ ፍርድ የተመሠረተበት ማስረጃ ምን ያህል የጸና እንደ ሆነ መመርመር ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ 40 በመቶ የሚለው አኀዝ በልኬት የተገኘ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ የአገሪቱን ደን የለካ አካል አልነበረም። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት ይህ አባባል ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው እየተቀዳ እንዴት እንደ ተረጋገጠ ሐቅ ሊቆጠር እንደ በቃ አሳይተዋል። አኀዙ ሲቀዳ ዘመኑ እንኳ አብሮት አይጸናም። አልበርት ጎር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ40 በመቶ ወደ 1 በመቶ ወረደ ያሉት በመቶ ዓመት ሳይሆን በአራት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ነው። የመቶና የአርባ ዓመት ልዩነት የሒሳብ መምህራንን ሊያሳስብ በተገባ ነበር።

የዛሬው አኀዝም ቢሆን የሚወሰነው «ደን» የሚለው ቃል በሚሰጠው ፍቺ ነው። 3 በመቶ የሚለው ግምት በአብዛኛው ጥቅጥቅ ያለውን የተፈጥሮ ደን ብቻ የሚቆጥር ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በምትሠራበት ፍቺ መሠረት ግን ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሚሸፍን፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሚደርስና ጥላው ከመሬቱ 20 በመቶ የሚጋርድ ዕፀዋት ደን ይባላል፤ በዚህም ስሌት ሽፋኑ 15.5 በመቶ ሆኗል። ጭማሪው ከችግኝ ሳይሆን በዋናው ከፍቺው የመጣ ነው። አንድ ተማሪ ይህን ብቻ ቢረዳ ስለ ሥነ ምሕዳር አኀዞች ጠባይ ከብዙ ገጽ የበለጠ ትምህርት ባገኘ ነበር፤ የጥራዞቹ አዘጋጆች ግን አሮጌውን አኀዝ ያለ ፍቺው ማተምን መርጠዋል።

ለወሎ መምህራን በይበልጥ የሚቀርበው ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት ነው። ተመራማሪው እ.ኤ.አ. በ1937 በወሎ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዘው ከ60 ዓመት በኋላ ወደዚያው በመመለስ የመሬቱን ገጽታ ከቀድሞው ጋር አነጻጸሩ። ያገኙትም ከተጠበቀው ተቃራኒ ነበር፤ በጠቅላላው ሲታይ ዛፉ በዝቶ እንጂ አንሶ አልተገኘም፤ ለዚህም ትልቁ ምክንያት ገበሬዎች የተከሉት ባሕር ዛፍ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ወሎ ደኑ አልተመነጠረም ማለት ስሕተት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1937 መሬቱ ቀድሞውኑ ተራቁቶ ሊሆን ይችላል፤ የባሕር ዛፍ ተክልም የጽድና የወይራን ደን ብዝኃ ሕይወት አይተካም። በተጨማሪም የተነጻጸሩት ስፍራዎች ስለ ላስታ ሸንተረሮች ሁሉ ይናገራሉ ማለት አይቻልም። በላስታ ራሱ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ቀድሞ በዋሻ ውስጥ፣ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የታነጸ ነው፤ ደጁንም የጽድ ዛፎች ከበውታል። ሕንፃው በዘመኑ ረጅምና ወፍራም እንጨት ይገኝ እንደ ነበር ይመሰክራል፤ ስንት በመቶ የሚለውን ግን አይነግረንም። በማስረጃና በግምት መካከል ያለውን ድንበር ለተማሪ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ የትምህርት መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

የጥራዞቹ ትልቁ ጉድለት ግን በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ይገለጣል። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የተራራው ጫፍ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በየ100 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት 0.6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ብናሰላ በሁለቱ መካከል የ10 ዲግሪ ልዩነት አለ። ወደ ላይ ሲወጣ ገብሱ ለአስታው፣ አስታውም ለጓሳውና ለጅባራው ስፍራውን ይለቃል። «ከዛፍ የተራቆተ መሬት የደን ጭፍጨፋ ውጤት ነው» የሚለውን በቃሉ የያዘ ተማሪ ይህን ጫፍ ቢያይ ያለ ጥርጥር «የተጨፈጨፈ» ይላል፤ መልሱም ስሕተት ይሆናል። በዚያ ከፍታ ዛፍ የማይበቅለው በብርዱ ምክንያት ነው። ከዚህም በላይ፣ በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 የማይበልጡትና ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኙት ቀይ ቀበሮዎች በአቡነ ዮሴፍ የሚኖሩት በዚሁ ዛፍ አልባ የጓሳ መሬት ላይ አይጥና ፍልፈል እያደኑ ነው። ቀበሮውን የሚያሰጋው የዛፍ ማነስ ሳይሆን ወደ ላይ እየገፋ የሚሄደው የገብስ እርሻና ከብቱ፣ እንዲሁም ከመንደር ውሾች የሚተላለፍ በሽታ ነው። በጓሳው ላይ ችግኝ እንትከል ብሎ የሚነሣ ቅን ክበብ ቢኖር ጥበቃው ወደ ጥፋት ይለወጥ ነበር።

ስለ ዐፈር መሸርሸርም ነገሩ ተመሳሳይ ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የደጋማ አገሮች ጥናት በእርሻ መሬት ላይ በሄክታር በዓመት 130 ቶን ዐፈር ይታጠባል ሲል፣ በወሎ ማይባርን ጨምሮ በልዩ ልዩ ጣቢያዎች ከተደረገው ልኬት በመነሣት ሃንስ ሁርኒ ያቀረቡት ግምት 42 ቶን ነው። ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ከአንዱ ተዳፋት የታጠበ ዐፈር ሁሉ ከአገር አይወጣም፤ ከፊሉ በታችኛው ማሳ ላይ ይተኛል፤ ከፊሉም ምንጩ ከላስታ በሆነው በተከዜ ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ከጀመረው የተከዜ ግድብ ይደርሳል። ተማሪው ይህን ጉዞ መከተል ከቻለ ከሁለቱ አኀዞች አንዱን ቢረሳ ጉዳቱ አነስተኛ ነው።

ባሕር ዛፍን በተመለከተም ውኃ መምጠጡ ብቻ ተነግሮ መታለፉ ያሳዝናል። ማገዶ በጠፋበት የደጋ አገር ኩበቱ በምድጃ ይነዳል፤ ማሳውም ፍግ ያጣል። ንጥረ ነገር ከዐፈር ወደ እህልና ወደ ከብት ሄዶ ወደ ዐፈር የሚመለስበት ዑደት የሚቋረጠው እዚህ ላይ ነው። በቅርብ የተተከለ ባሕር ዛፍ ኩበቱን ለማሳው ሊያተርፍ እንደሚችል የላስታ እናቶች ከማንኛውም ጥራዝ በተሻለ ያውቁታል።

መምህራን በዚህ ሂስ ላይ የሚያነሡትን ተቃውሞ በሚገባ እንረዳለን፤ ፈተናው የሚጠይቀውን ማስተማር ግዴታቸው ነው። ይሁን እንጂ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከተዛወረ ወዲህ የተገኘው ውጤት ሽምደዳው ለነጥብ እንኳ እንዳልበጀ ያስጠረጥራል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ትምህርቱና ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆናቸውም አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ጽድን፣ አስታንና ጓሳን ለይቶ የሚያውቅ ልጅ ዕውቀቱን የሚያሳይበት ቃል አጥቶ ይቀራል።

ስለዚህ ጥያቄው ራሱ ሊለወጥ ይገባል። «ከሚከተሉት ውስጥ የኢትዮጵያ የደን ሽፋን የትኛው ነው?» በማለት ፈንታ፣ ሁለቱን ፍቺዎችና ሁለቱን አኀዞች አስቀምጦ ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ መጠየቅ ይቻላል። ወይም የአንድን ተራራ ከፍታ፣ የሙቀቱን መጠንና የዕፀዋቱን ዓይነት በሠንጠረዥ ሰጥቶ፣ ጫፉ ዛፍ አልባ የሆነው በሰው እጅ ነው ወይስ በአየር ጠባይ ብሎ ማስመረጥ ይቻላል። አራቱ አማራጮች እንዳሉ ይቀራሉ፤ የአራሚውም መሣሪያ አይለወጥም። ለዝግጅቱ የሚያስፈልገውም አንድ የከፍታ ካርታ፣ አንድ ቴርሞሜትርና ተማሪዎቹ ገደሉን የሚወጡበት አንድ ቅዳሜ ነው።