ጀጎል፦ ለጅብም በር ያለው ግንብ

የከተማ ግንብ ሥራው መከልከል ነው። የሐረሩ ጀጎል ግን ማስገባቱንም ያውቅበታል። ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው፤ ዘመኑ 16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ግራኝ አሕመድ ከወደቀ በኋላ ከተማዋ ጥቃት የበዛባት ጊዜ ነበር። ድንጋዩ ከዚያው ከአካባቢው የተፈለጠ፣ ማያያዣው ጭቃ፣ ቁመቱ 4 ሜትር ገደማ፣ ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ጥንታዊ በሮቹ 5 ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። በአሚሮቹ ዘመን ሲመሽ ይቆለፉና ቁልፎቹ ወደ አሚሩ ይወሰዱ ነበር። ለጅብ ግን ቁልፍ የለም። ከግንቡ ግርጌ ጎንበስ ብሎ ላየ፣ አንድ ጅብ አጎንብሶ የሚሾልክበት ቀዳዳ ያገኛል። ጅቡ ሌሊት በዚያ ገብቶ የወዳደቀውን ቅንጥብጣቢ ጠራርጎ በልቶ፣ ሳይነጋ ይወጣል። ጠላትን ከልክሎ ጽዳት ሠራተኛውን የሚያስገባ ግንብ ብልሃተኛ ነው።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሐረር የሄደ ሰው በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ከመውጣቱ በፊት፣ ግንቡን በእግሩ ይዙረው።