ቡና ያለበት ስብሰባ

ከነቀምት ወጣ ባሉ የወለጋ ቀበሌዎች፣ በወር አንድ ቀን ነፍሰ ጡሮች ጤና ኬላ ይሰበሰባሉ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ካመጣልን ሁሉ ይህን የእናቶች ኮንፈረንስ አብዝቼ እወደዋለሁ። ቡና ይፈላል። ገንፎው፣ በኦሮምኛ ማርቃ፣ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ሞልቶበት ይቀርባል፤ የአራስ ቤት ገንፎ ነው፣ እዚህ ግን ምጡን ቀድሞ ይደርሳል። አዋላጅ ነርሷ ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ብርቱ ራስ ምታት፣ ስለ ፊትና እጅ እብጠት ስታስረዳ መጀመሪያ ዝም ዝም ይሆናል። ከዚያ አንዷ ሲኒዋን አስቀምጣ «እኔን እኮ ዓይኔን ብዥ ይለኛል» ትላለች። ወረፋ ላይ ቆማ ብትጠየቅ ይህን አታወጣውም ነበር። ቶናው ሳይቀዳ የደም ግፊቷ ይለካል።