ሽለላ ተቀባይ ሲያገኝ፦ ጌታቸው መኩሪያና ዘ ኤክስ

ሽለላንና የኦሮሞውን የጀግንነት ዜማ ጌረርሳን ጎን ለጎን እየሰማ ወለጋ አንገር ጉቲን ላደገ ሰው የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ባዕድ አይሆንበትም። ሸላይ ምት አይጠብቅም፤ ቃሉን በአንድ ትንፋሽ ያንቆረቁረውና መጨረሻ ላይ ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል፤ ዙሪያውን የቆመው ይቀበለዋል። ተቀባይ ያጣ ሸላይ ጮኸ እንጂ ሸለለ አይባልም።

በ1935 እ.ኤ.አ. የተወለደው ጌታቸው ማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና ፖሊስ ኦርኬስትራ እየተዘዋወረ ሲጫወት ይህን የጉሮሮ ጥበብ ወደ ሳክስፎን አዛወረው። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደርቦ ይወጣ ነበር። የውጭ ሃያስያን ከፍሪ ጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቾቹ ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር ያስተያዩታል። ማስተያየቱ ባይከፋም ጌታቸው የተማረው ከፎካሪ እንጂ ከኒው ዮርክ አልነበረም።

በ2006 እ.ኤ.አ. ከአምስተርዳሙ የፓንክ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም ቀረጸ። አጃቢዎቹን የመረጠው ራሱ ነው፤ ባንዱ ለ25ኛ ዓመቱ ሲጋብዘው ተጫውቶ «እናንተ አጅቡኝ» ያለው እሱ ነበር። ባንዱ በ1979 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ በመሆኑ አባላቱን «ወጣት» ለማለት አያስደፍርም። ያኔ ሰባ ላለፈው ጌታቸው ግን ልጆቹ ነበሩ። የአንዲ ሙርና የቴሪ ሄሰልስ ጊታሮች ይፋተጋሉ፣ ይቧጭራሉ እንጂ ለስላሳ ምንጣፍ አያነጥፉለትም። ከአልበሙ «ቼ በለው»ን ስሰማ የማደንቀው ይህን ሻካራነት ነው፤ ሽማግሌው ላይ የሙዚየም መስታወት አልተከደነበትም። ሳክስፎኑ ሐረጉን ጨርሶ ሲንቀጠቀጥ ጊታሮቹ የሠርግ ቤት ተቀባይ ይመስላሉ።

ሙላቱ አስታጥቄ በ2009 እ.ኤ.አ. ከለንደኑ ሄሊዮሴንትሪክስ ጋር ያወጣው አልበም መንገዱ ሌላ ነው። ሙላቱ አቀናባሪ ነው፤ ቫይብራፎኑ በወጣቶቹ ድምፅ ውስጥ ይሟሟል፤ አንዳንዴ ማን እየመራ እንደሆነ ይጠፋኛል። ድምፃዊው ግርማ በየነም በ2017 እ.ኤ.አ. ከፓሪሶቹ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር ወደ ቀረጻ ተመልሷል።

አምስተርዳም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፤ አዲስ አበባስ? የጊታር ተጫዋቹ የግሩም መዝሙር አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት አንጋፋውን የማንዶሊን ተጫዋች አየለ ማሞን ከታናናሾቹ ጋር አስቀምጦታል። የዚህ ሥራ ወሬ ከነዚያ ባነሰ መሰማቱ ይቆጨኛል፤ አየለን ለማጀብ ፓስፖርት አላስፈለገም።

ዘ ኤክስን የምነቅፈው በከበሮ ነው። ሽለላ ከሰዓት ቆጣሪ ውጭ የሚተነፍስ ሆኖ ሳለ ከበሮው አልፎ አልፎ ያጥረዋል፤ ጌታቸው ትንፋሹን ሊያስረዝም ሲል ቀጣዩ ምት ይቀድመዋል። ይህ ከአውሮፓ የመጣ ጣጣ ብቻ አይደለም። የእኛም ሠርግ ላይ ኪቦርድ ተጫዋቹ ልጅ ሪትሙን አስቀድሞ ይከፍታል፤ ሸላዩ ማይኩን ተቀብሎ ሦስት ሐረግ ሳይዘልቅ ምቱን ለመያዝ ይሮጣል፤ ከዚያ ማይኩን ለልጁ መልሶ ወደ ደጅ ይወጣል፤ እዚያ፣ ያለ ኪቦርድ፣ ሽማግሌዎቹ ከበው ይቀበሉታል።